ሱስ ያለበትን ሰው ሳይገፉ ማነጋገር፦ ከጫትና ከመጠጥ ለመውጣት የሚያግዝ አሠራር

አንድ የቤተሰብ አባል በጫት ወይም በመጠጥ ሲያዝ ብዙ ቤት ውስጥ የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። እናት ታለቅሳለች። አባት ይቆጣል። ከዚያ ሽማግሌ ይጠራል። ልጁ ዙሪያውን በተቀመጡ ሰዎች መሀል «ሁለተኛ አልነካም» ብሎ ይምላል። ብዙም ሳይቆይ ይመለስበታል፤ አሁን ግን ተደብቆ ነው።

ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም። ስለሚወዱት ነው። ግን «ተው» ባሉት ቁጥር እሱ የማይተውበትን ምክንያት ይደረድራል። ምክንያቱን ሲደረድር ደግሞ ሌላውን ሳይሆን ራሱን ያሳምናል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 በዚህ ነገር ላይ የተመሠረተ የምክር ዘዴ አቀረበ። ዛሬ ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ ይባላል። ሚለርና ባልደረቦቹ ከ10 ዓመት በኋላ ባወጡት ጥናት አማካሪው ጠጪውን በተጋፈጠው መጠን ጠጪው ከዓመት በኋላ የሚጠጣው መጠን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የዘዴው ዋና ሐሳብ አንድ ነው፤ መተው ያለበትን ምክንያት መናገር ያለበት ባለጉዳዩ ራሱ ነው። የእኛ ሥራ እንዲናገረው መርዳት ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእህት፣ ለወንድም፣ ለሚስት፣ ለጓደኛ፣ ለመምህር፣ ለንስሐ አባት፣ ለኢማም ነው። ምሳሌዎቹ ባብዛኛው ስለ ጫት ናቸው። ጨብሲ (ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ) ስለሚከተለው መጠጡንም አነሳለሁ። «እሱ» እያልኩ የምጽፈው እንዲቀልለኝ ነው። የሚቅሙና የሚጠጡ ሴቶችም አሉ፤ ብዙዎቹ ተደብቀው ስለሆነ እርዳታውም ዘግይቶ ይደርሳቸዋል።

ከሁሉ በፊት፦ አደጋ መኖሩን አጣሩ

በየቀኑ ብዙ የሚጠጣን ሰው በድንገት እንዲያቆም አታስገድዱ። አረቄም ይሁን ቢራ ለውጥ የለውም። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው፣ አንድ መለኪያ ካልቀመሰ የማይረጋጋ ከሆነ ሰውነቱ ከአልኮሉ ጋር ተላምዷል። እንዲህ ያለ ሰው መጠጡ ሲቋረጥበት ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሕመሙ ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል። ከ2 እስከ 4 ባሉት ቀናት ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ቀንና ሌሊቱን ማምታታት ሊከተል ይችላል። ይህ ካልታከመ ይገድላል።

ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው መጠጥ የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ነው። መድኃኒት አለው። ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጠዋል። ጸበል ለመውሰድ ያሰባችሁም ውሰዱት፤ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። የታዘዘለትን መድኃኒት እዚያም ይውሰድ። በመንገድ ላይ ወይም በጸበሉ ቦታ ቢንቀጠቀጥ በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም። ቶሎ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት።

የጫት ነገር ይለያል። ጫት በድንገት ቢቆም እንደ አልኮል ለሞት የሚያሰጋ የሰውነት ሕመም አያመጣም። የሚመጣው ድካም፣ ብዙ መተኛት፣ ብዙ መብላት፣ መነጫነጭ፣ ሌሊት ዱካክ፣ ሲብስም ድብርት ነው። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ይከብዳል፤ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። ሆኖም «ሰዎች እየተከታተሉኝ ነው» ካለ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ወይም ስለ መሞት ካወራ ከእናንተ አቅም በላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አሉ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ባለ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቁ።

1. ሰዓቱን ምረጡ

በምርቃና ሰዓት አታውሩት። የመረቀነ ሰው ሁሉንም ነገር እሺ ይላል። ነገ ይተዋል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ ቤት ይሠራል። ከዚያ ሰዓት የሚወጣ ቃል ማታ ላይ የለም። በሀራራ ሰዓትም አታውሩት። ያኔ የሚሰማው ሀራራውን ብቻ ነው፤ እናንተም ተቆጥታችሁ ትለያያላችሁ።

ጥሩው ጊዜ እንቅልፍ ካገኘ በኋላ፣ ቁርስ ከበላ በኋላ፣ ብቻውን ሲሆን ነው። እየተራመዱ ማውራት ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይሻላል። ሌላ ዘመድ አይጨመር። ብዙ ሰው ሲከበው ችሎት ይመስለዋል፣ እንደ ተከሳሽም ይመልሳል።

2. ፈቃድ ጠይቁ፣ ከዚያ ስለሚወድለት ነገር ጠይቁ

አጀማመሩ ቀላል ነው። «ስለ ጫቱ ትንሽ ብናወራ ቅር ይልሃል?» እምቢ ካለ «እሺ፣ ደስ ባለህ ቀን» ብላችሁ ተዉት። ይህ ማሸነፍ ነው እንጂ መሸነፍ አይደለም። ሳይገፉት የጠየቁትን ሰው ያስታውሳል።

እሺ ካለ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጉዳቱ አይደለም። «ጫቱ ምን ያደርግልሃል?» በሉት። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ይደነግጣል፤ ማንም ጠይቆት አያውቅምና። ከመልሱ ብዙ ትማራላችሁ። የጅቡቲ መስመር ሾፌር እንቅልፍ ለማባረር ይቅማል። ተማሪ ለፈተና ይቅማል። ሥራ ያጣ ወጣት ረጅሙን ከሰዓት ለማሳለፍ ይቅማል። ሌላው ሐዘን አለበት። ሌላው ደግሞ ከበርጫው (አብረው ከሚቅሙት ሰዎች) ውጭ የሚያዋራው ሰው የለውም። እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት እርዳታ አይፈልጉም። ጫቱ የሚሞላውን ቦታ ሳታውቁ በምን እንደሚተካ ልታውቁ አትችሉም።

3. የተናገረውን መልሳችሁ ንገሩት

የአሠራሩ ልብ ይህ ነው። ልምምድም የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወንድምና ታላቅ እህቱ እያወሩ ነው እንበል።

«ከሥራ ስወጣ የት ልሂድ? ጓደኞቼ ሁሉ እዚያ ናቸው።»

የለመድነው መልስ «እነሱ ደግሞ ጓደኛ ሆነው ነው!» የሚለው ነው። ይህን ካለችው ጓደኞቹን መከላከል ይጀምራል፣ ወሬው አበቃ። በዚህ ፋንታ እንዲህ ትበለው፦

«ጫቱን ብትተው ብቻህን የምትቀር ይመስልሃል።»

«አዎ። ግን እሱም ቢሆን... ብሩ እያለቀ ነው። የባለፈውን ወር ኪራይ ተበድሬ ነው የከፈልኩት።»

«ብድሩ ከብዶሃል።»

«ከብዶኛል እንጂ! አከራይዋ በር ላይ ስትጠብቀኝ ነው ያፈርኩት። በዚህ ዕድሜዬ።»

እህትየው ጥያቄ እንኳን አልጠየቀችም። የሰማችውን ብቻ መለሰችለት። እሱ ግን በራሱ አፍ ሁለት የመተው ምክንያት ተናገረ። እሷ ተናግራው ቢሆን ስድብ ነበር።

እንዲህ ያሉ ንግግሮችን ጆሯችሁን ከፍታችሁ ጠብቁ። «ሰልችቶኛል»፣ «ልጄ ሲያየኝ ደስ አይለኝም»፣ «ድሮ ኳስ እጫወት ነበር»፣ «በጾሙ ጊዜ ችዬ ነበር»። በወሬ መሀል ሾልከው ነው የሚያልፉት። ስትሰሟቸው አቁሙና «እስቲ ስለ እሱ ትንሽ ንገረኝ» በሉ። «ብዙም አልቅምም»፣ «ስፈልግ እተዋለሁ» ለሚለው ግን ክርክር አትግጠሙ። «እስካሁን በቁጥጥርህ ሥር እንደሆነ ይሰማሃል» ብላችሁ እለፉ። ብዙ ጊዜ ራሱ «እሱስ አይደለም...» ብሎ ያርመዋል።

«ሱሰኛ» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ። ራሱን እንዲህ ካልጠራ እናንተ አትጥሩት። ሰው ስም ከተለጠፈበት ስሙን ሲያስተባብል ይውላል።

4. በቁጥር ጠይቁት

«ከ0 እስከ 10 ብንሰጠው፣ ጫቱን መቀነስ ወይም መተው ላንተ ምን ያህል አስፈላጊ ነው?»

4 አለ እንበል። የሚመጣባችሁ ጥያቄ «ለምን 4 ብቻ?» የሚል ነው። እሱን ዋጡት። «ለምን 2 አላልክም?» በሉት። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰበብ ያስደረድራል። ሁለተኛው ግን «እንዴ፣ ጤናዬስ? ገንዘቡስ?» ያሰኛል። ይህች ትንሽ ለውጥ ብዙ ቦታ ትከፍታለች፤ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህችን ያዙ።

ቀጥሎ ሌላ ቁጥር ጠይቁ፦ «ልተው ብትል የምትችል ይመስልሃል? ከ10 ስንት?» ሁለቱ ቁጥሮች ይለያያሉ። አስፈላጊነቱን 9፣ መቻሉን 2 የሚል ሰው ስብከት አያስፈልገውም። ጉዳቱን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። የሚያስፈልገው ትንሽ የሚሳካ እርምጃና ከዚህ በፊት የቻለባቸውን ቀናት ማስታወስ ነው። አስፈላጊነቱን 2 ከሰጠው ደግሞ ስለ እቅድ ማውራት ጊዜው አይደለም። ወደ 2ኛውና ወደ 3ኛው ክፍል ተመለሱ።

ጄምስ ፕሮቻስካና ካርሎ ዲክሌሜንቴ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰው ከሱስ ሲወጣ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ለይተዋል፤ ገና ያላሰበ፣ የሚያመነታ፣ የሚዘጋጅ፣ የጀመረ፣ ያጸናው። ስማቸውን መሸምደድ አያስፈልግም። የሚያመነታን ሰው እንደ ወሰነ ሰው አለመቁጠር ግን ያስፈልጋል።

5. መረጃ ስትሰጡ በመሀል አስገቡት

መጀመሪያ የሚያውቀውን ጠይቁ። ከዚያ «አንድ ነገር ልጨምር?» በሉ። ከነገራችሁት በኋላ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ብላችሁ ዝም በሉ። ዝምታውን አትሙሉት።

የምትነግሩት ነገር አጭርና እውነት ይሁን። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ስለሚቀንስ ነው ሁሉም ትኩስ የሚፈልገው። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። እንቅልፍ ይከለክላል። ምርቃናውን ለማብረድ የሚጠጣው ጨብሲ ሁለተኛ ሱስ ይዞ ይመጣል። ለብዙ ሰው ከጫቱ ይልቅ ከባድ የሚሆነው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ሲቅም ብቻ ሳይሆን ከቃመ በኋላ የት እንደሚሄድም ጠይቁ።

ማስፈራራት አይጨመርበት። «ታብዳለህ» ካላችሁት ለ20 ዓመት ቅመው ያላበዱ ሰዎችን ይቆጥርላችኋል።

6. እቅዱን እሱ ይጻፈው

እቅድ የሚጀመረው «ታዲያ ምን ብታደርግ ይሻላል ትላለህ?» በሚለው ጥያቄ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡት። በእጁ ይጻፍ።

አንደኛ፣ የሚቅምበትን ካርታ ያውጣ። ስንት ሰዓት? የት? ከማን ጋር? በምን ብር? ብዙ ጊዜ ከምሳ በኋላ ከ7 እስከ 12 ሰዓት ያለው ክፍተት፣ ደመወዝ የወጣበት ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ ይወጣሉ። ከጫቱ ጋር የሚሄዱትንም ይጻፍ፤ ለውዙ፣ ለስላሳው፣ ሲጋራው፣ ሺሻው። እነሱን ብቻ ማየት ሀራራ ይቀሰቅሳል።

ሁለተኛ፣ ይቀንሳል ወይስ በአንዴ ያቆማል? በጫት ሁለቱም ይቻላል። የሚመርጠው እሱ ነው። ከቀነሰ ግን «እቀንሳለሁ» ብሎ አይለፍ፤ ቀንና መጠን ይጻፍ። «በሳምንት ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ፣ ለብቻዬ አንድ ዙርባ አልገዛም» የሚለው ይለካል። ሾፌር ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ እንቅልፍ ስለሚያመጡ ረጅም መንገድ በሌለበት ሳምንት ይጀምር። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ያዘጋጅ። «ከምሳ በኋላ ደውለው ከጠሩኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ስልኩን ዘግቼ ወደ ሜዳ እሄዳለሁ።» «ደመወዝ ሲገባ፣ የኪራዩን ብር በዚያው ቀን በቴሌብር እልካለሁ።» ከጫት ሻጩ ጋር ያለው ዱቤ ካለ ይዘጋ። ዱቤ እስካለ ድረስ ኪስ ባዶ መሆኑ አያስቆምም፤ በየቀኑም በዚያ በር የሚያልፍበት ሰበብ ይሆነዋል።

አራተኛ፣ ያ ክፍት ሰዓት በሌላ ነገር ይያዝ። ጂም፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የማታ ትምህርት፣ የጎረቤት ሱቅ ማገዝ፣ ምንም ቢሆን። ባዶ ከተተወ አምስት ሰዓት ይረዝማል። ከሰው ጋር የሚደረግ ነገር ይመረጥ፤ በርጫው የሚሰጠው አንዱ ነገር ሰው ነበርና።

7. ሀራራው ሲመጣ

አለን ማርላት የተባለው አሜሪካዊ የሱስ ተመራማሪ ሀራራን እንደ ሞገድ እንዲያዩት ታካሚዎቹን ያስተምር ነበር። ይነሳል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ በላይ በዚያው ኃይሉ አይቆይም። ሰውየው ግን ካልቃመ እየጨመረ ብቻ የሚሄድ ይመስለዋል። ስለዚህ ሰዓት አይቶ እንዲጠብቅ፣ ሰውነቱ ላይ የት እንደሚሰማው ልብ እንዲል፣ ገላውን እንዲታጠብ፣ እንዲራመድ፣ ለእናንተ እንዲደውል ንገሩት። ሲደውል ስልኩን አንሱ። ምክር አትስጡ። ስለ ሌላ ነገር አውሩት።

8. ሲወድቅ

ብዙ ሰው በመሀል ይወድቃል። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት። አስቀድሞ ከተነገረው ሲወድቅ ወደ እናንተ ይመጣል፤ ካልተነገረው ይደበቃል።

መሐላን የምቃወመው ለዚህ ነው። በታቦት ወይም በቁርዓን የማለ ሰው አንድ ቀን ሲቅም ያፈረሰው እቅዱን ብቻ አይደለም፤ ቃል ኪዳኑንም ነው። «አንዴ ረክሻለሁ» ይልና ያንን ሳምንት ሙሉ ይቅማል። ማርላት ይህን በደንብ አጥንቶታል። አንድ ስህተት ሙሉ መመለስ የሚሆነው ባብዛኛው ከስህተቱ በኋላ በሚመጣው ኃፍረትና ተስፋ መቁረጥ ነው። እምነቱ ይርዳው፤ ጸሎት፣ ጾም፣ ዱዓ ብዙ ሰው ረድቷል። ግን አታስምሉት።

ሲወድቅ «ማልክ አይደል!» አይባልም። እነዚህን ጠይቁ፦ ያን ቀን ምን ተፈጠረ? ከዚያ በፊት ስንት ቀን ችለህ ነበር? እነዚያን ቀናት በምን ቻልካቸው? እቅዱ ላይ ምን እንቀይር? ከዚያ ወረቀቱን አውጡና ያንን አንድ መስመር አስተካክሉ። 18 ቀን የቻለ ሰው ወደ ዜሮ አልተመለሰም። 18ቱን ቀን ያውቃቸዋል።

9. ብር የምትልኩና አብራችሁ የምትኖሩ

በዱባይ፣ በሪያድ፣ በቤሩት እየሠራችሁ ለወንድም ብር የምትልኩ እህቶች አላችሁ። ብሩ ወዴት እንደሚሄድ ስትሰሙ የሚያማችሁን አውቃለሁ። በንዴት ድንገት ማቋረጥ እናትን ጭምር ያስርባል። እንደ ድሮው መላክም ዱቤውን ይከፍላል። መሀል መንገድ አለ። ኪራዩን በቀጥታ ለአከራዩ፣ የትምህርት ክፍያውን ለትምህርት ቤቱ፣ አስቤዛውን ለእናት ላኩ። ለእሱ ደግሞ ተረጋግታችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ቅጣት አይምሰል። በስልክ ስታወሩትም ሰዓቱን አስቡ፤ እዚያ ማታ ሲሆን እዚህ ብዙ ጊዜ የምርቃና ወይም የጨብሲ ሰዓት ነው።

አብራችሁ የምትኖሩ ደግሞ ባልቃመበት ቀን አብራችሁት ሁኑ። ቡናው ይፈላ፣ የሚወደው ወጥ ይሠራ፣ ልጆቹ አብረውት ይጫወቱ። በቃመበት ቀን አትጨቃጨቁ፤ ራት ስጡትና ወደ ሥራችሁ ሂዱ። ለአለቃው ደውላችሁ «አሞት ነው» አትበሉለት። ሥራ የቀረበትን ራሱ ያስረዳ። ሮበርት ሜየርስ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ለቤተሰብ ያዘጋጀው አሠራር በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ሕክምና እምቢ ያሉ ብዙ ሰዎችን ወደ ሕክምና አምጥቷል። በቤቱ ዱላ ካለ ግን ይህ ሁሉ ይቆይ። መጀመሪያ እናንተና ልጆቹ ደኅና ቦታ ሁኑ።

10. ቀጠሮና ምስጢር

መጀመሪያ ላይ በሳምንት አንዴ ተገናኙ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ምን ተሳካ፣ ምን ከበደ፣ ለሚመጣው ሳምንት ምን ይቀየር። ሁለት ወር ሲሞላው ወደ ሁለት ሳምንት ማራዘም ይቻላል፤ ከበዓል፣ ከሠርግና ከለቅሶ በፊት ግን ቀጠሮውን አትዝለሉ። ብዙ ውድቀት የሚመጣው በእነዚህ ቀናት ነው። የነገራችሁን ነገር ለእናቱም ቢሆን ሳታስፈቅዱት አትንገሩ፤ ሕይወቱን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ካልሆነ በቀር። ያንንም ገና ስትጀምሩ አሳውቁት።